ባለ ጀሪካኑ ሰው

«ሕልሜ ነው» አለች ሃኒ። «አንድ ቀን ምሳ በልቼ ጋደም ባልኩበት ያየሁት ነው። ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅ።»

ወንድሟ ኃይለየሱስ ይህን የሰማው ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ ጥርሱን ሲቦርሽ ነው። የሳሎኑ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በግንቦት ወር ድሬ ዳዋ ላይ መስኮት ዘግቶ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው የለም። እንግዳው ሂሻም ነው፣ በቅርቡ እዚያው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሆቴል የከፈተው ነጋዴ። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የመጣው፣ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ሲሰቀል ያየውን ሥዕሏን ሌላ ሰው እንዳይገዛበት ሰግቶ መሆን አለበት። «ወላሂ፣ ያ ፊቱ ጀሪካን የሆነው ሰውዬ ነው ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ» አለ ሂሻም። «አንገት ላይ ቢጫ ጀሪካን። የዚህን ከተማ የውሃ ችግር እንዲህ አድርጎ የነገረን ሰው የለም። ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው እየበላ ፊት ለፊት የሚያየው ቦታ ላይ ነው የምሰቅለው።» ከዚያ ዋጋ ተጠራ፤ አርባ አምስት ሺህ ብር። ሂሻም አልተከራከረም። ሃኒ ሳቀች፤ ልጅ ሆና ውድድር አሸንፋ ስትመጣ የምትስቀውን፣ አፏን በእጇ የምትሸፍንበትን ሳቅ።

ኃይለየሱስ አረፋውን ተፋና ቧንቧውን ዘጋ። ባለ ጀሪካኑን ሰው ያውቀዋል። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አንድ የባቡር ፉርጎ ብቻውን ቆሟል፤ በሩ ክፍት ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ቀኝ ጉልበቱን አቁሞ፣ ግራ እጁን ወደ ኋላ ተመርኩዞ ተቀምጧል። ከአንገቱ በላይ ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ክዳን የለውም፤ ከውስጡ የሚፈስ ነገርም የለም። ይህን ሕልም አሥራ አንድ ጊዜ አይቶታል። የሣለው ግን አንዴ ብቻ ነው፣ ባለፈው ጥቅምት፣ ሃኒ በሰጠችው እርሳስ።

ደብተሩንም የሰጠችው እሷው ናት። ከግንባር ከተመለሰ መንፈቅ ሞልቶት፣ እንቅልፍ አጥቶ ግቢውን ሲዞር ጎረቤት ማጉረምረም ሲጀምር፣ መስመር የሌለው ትልቅ ደብተር ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ሃኒ የሥዕል መምህርት ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ አስተምራለች፤ ስለ ሱሪያሊዝም ማውራት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። «ይሄን አሣሣል የጀመሩት ሰዎች ብዙዎቹ እንዳንተ ከጦርነት የወጡ ነበሩ» አለችው ያኔ። «ስትነቃ፣ ሰው ሳታናግር፣ ፊትህን ሳትታጠብ ያየኸውን ሣለው። ማማሩን ተወው። አውጣውና ለኔ ስጠኝ፤ አንተ ጋ አይደር።» እሱም እንደታዘዘለት መድኃኒት ያዘው። ደብተሩ ሲሞላ ክፍሏ በር ሥር ያስቀምጥላታል፤ እሷ ባዶ ደብተር እሱ በር ሥር ታስቀምጣለች። ስለ ሥዕሎቹ አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። ዝም ያለችው አክብራለት መስሎት ነበር።

እናቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ከግቢው ወዲያ ማዶ የትራስ ልብስ እያሰጣች ነበር። ቀና ብላ ሳታየው «ሰማህ» አለችው።

«ታውቂ ነበር?»

አንዱን የትራስ ልብስ ሁለቴ አራገፈችና ገመዱ ላይ ጣለችው። ቤቱ የምድር ባቡር ቤት ነው፤ ባሏ ገብረ መድኅን ሠላሳ ዓመት ወርክሾፑ ውስጥ ሠርቶ ያወረሳት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ግን አንዱ ክፍል የተባለው ሌላው ክፍል የሚሰማበት ቤት። እዚህ ቤት ውስጥ የማይታወቅ ነገር ኖሮ አያውቅም፤ የማይነገር ነገር ነው የሚበዛው። «ቤቴ ውስጥ የተቀባውን እንዴት አላውቅ» አለች በመጨረሻ። «እህትህ ናት፣ ኃይልዬ። ቀለም ስትቀባ ቀን ሙሉ ምግብ አትበላም። አሁን ገና ሰው አያት። አንተ ወረቀቱን መልሰህ አይተኸው አታውቅም፤ የጣልከው ነገር መስሎኝ።» የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ ያዘች፤ ከዚህ በላይ እንደማትናገር እሱም ገባው።

ሃኒ የምትሥለው ከቤቱ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። እሷ ሂሻምን ልትሸኝ ስትወጣ ገባ። ሸራዎቹ ለዛሬው ኤግዚቢሽን ትናንት ወደ አዳራሹ ተወስደዋል፤ ግድግዳው ላይ የቀሩት የቀለም ጠርዞች ብቻ ናቸው፣ ባዶ አራት ማዕዘኖች። ዘይትና ተርፔንታይን ይሸታል። ደብተሮቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል፤ ስድስት ናቸው። ሦስተኛውን ከፈተ። የሱ ሥዕል በሃኒ ቀጭን መስመር ተሸንሽኗል፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ካሬ ካሬ ተደርጎ፣ ጠርዙ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ትንሹን ሥዕል ወደ ትልቅ ሸራ ለማዛወር ሠዓሊዎች እንዲህ እንደሚያደርጉ ራሷ አንድ ቀን ነግራዋለች። የሰውየው ጉልበት ከካሬ አሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት ነው። ጀሪካኑ ካሬ ሦስት ላይ ብቻውን ገብቷል፤ ከጎኑ በእርሳስ «ቢጫውን አድምቂ» የሚል ማስታወሻ አለ። ኃይለየሱስ ቆሞ ማስታወሻውን ደጋግሞ አነበበው። ሌላው ሁሉ ይቅርና ይቺ ነገር ጎረበጠችው። ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በጓሮው በር ወጣ።

መሄጃ አልነበረውም፤ እግሩ ግን አይቆምም። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አልፎ እስከ ባቡር ጣቢያው ሄደ። ከጣቢያው ተመልሶ ለገሃሬን አቋረጠ። አንዲት ሴትዮ ፈጢራ ስትጠብስ ቆም አለ፤ እንቁላሉ ተጨምሮበት መቶ ሃያ ብር አለችው፤ «ኧረ ይብላ ይሄ ልጅ» ብላ ሳይጠይቃት ማር ጨመረችበት፤ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሰሃኑን መለሰላት። ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ይጠሩታል፤ አንዱ «አቦ፣ ግባ በቃ፣ ፀሐዩ ሳይጨርስህ» አለው። አሸዋ ገበያ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሲሄድ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር። ሃኒን ተመልሶ ምን ይላታል? ሰረቅሽኝ? ምኑን? ሰው ሕልሙን ተሰረቅኩ ብሎ ማን ጋ ይከሳል? ደግሞም እሱ ሥዕሉን ፈልጎት አያውቅም። ከላዩ እንዲወርድለት ብቻ ነበር የፈለገው። ወርዶለት ቢሆን፣ ሃኒም ብታሳምረው፣ ሂሻምም ግድግዳው ላይ ቢሰቅለው ምን ገደደው? ነገር ግን ሰዎች ዶሮ እየገነጠሉ ያን ሰው ሲያዩት፣ «አይ የውሃ ችግር» ሲሉ ታየው።

ሰውየው ጉሌድ ነው። ከድሬ ወጣ ያለችው የጀልዴሳ ልጅ፤ ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ አንድ ላይ ገብተው፣ አንድ ላይ ወጥተው፣ አንድ ምሽግ ውስጥ አሥር ወር ኖረዋል። ጉሌድ ስለ እናቱ ሲያወራ «ቀፊራ ገበያ ሄደህ ከበሩ ሦስተኛው ቅስት ሥር እያት፤ ወተት ሻጮቹ ሁሉ ይጮሃሉ፣ የኔ እናት አትጮህም፤ ግን ቀድማ የምትጨርሰው እሷ ናት» ይል ነበር። ኃይለየሱስ ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ ቀፊራ ሄዶ ከሩቅ እንዳያት አያውቅም። እውነትም አትጮህም። ፋዱማ ትባላለች። ሁልጊዜም እንዳያት ተመልሶ ይሄዳል።

ዛሬም የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ ቀፊራ ሲደርስ ቀኑ ወደ ስድስት ሰዓት እየገፋ ነው። ሦስተኛው ቅስት ሥር ነበረች፤ አራት ባዶ ጀሪካን ከኋላዋ፣ አንድ ግማሽ የቀረው ከፊቷ፣ የፕላስቲክ መስፈሪያ ጭኗ ላይ። አለፋት። ሽንኩርት ተራ ደርሶ ተመለሰ፤ እንደገና አለፋት። ሦስተኛ ሲመለስ እሷው ቀደመችው።

«ዋርያ፣ አንተ ሦስተኛህ ነው» አለችው። «ወተት ትፈልጋለህ ወይስ ሌላ ነገር ትፈልጋለህ?»

«ሆዮ» አላት። ከሚያውቃቸው ጥቂት የሱማሌኛ ቃላት አንዷ ናት፣ «እናቴ» ማለት፤ ጉሌድ እናቱ ጋ ሲደውል መጀመሪያ የሚላት ቃል። «ከጉሌድ ጋር ነበርኩ።»

ፋዱማ መስፈሪያውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። ለጎረቤቷ በሱማሌኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጎረቤቷ ጀሪካኑን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ፋዱማ ከተቀመጠችበት ካርቶን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። «ተቀመጥ» አለችው። «ቆመህ አትንገረኝ።»

ተቀመጠ። ድሬዎች አንቱታ አያበዙም፤ እሱም አንቺ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ፋዱማ ግን ወደ እሱ አልዞረችም። «ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ነገሩኝ እንጂ ሌላ ሰው አልመጣም» አለች ገበያውን እያየች። «አንድ ጓደኛ ተርፏል አሉ። የድሬ ልጅ ነው አሉ። ሁለት ዓመት በዚህ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ፊቱን አያለሁ። ይሄ ይሆን፣ ያ ይሆን እላለሁ። ለምን አልመጣህም?»

ኃይለየሱስ ደብተሩን ከፍቶ ጭኗ ላይ አደረገላት። ፋዱማ ጎንበስ ብላ አየችው። መጀመሪያ የሃኒን መስመሮች በጣቷ ተከተለች፤ ይሄ ምንድነው አለችው፤ እህቴ ናት ያሰመረችው አላት። ከዚያ ጣቷ የቆመው ጉልበት ላይ ደረሰ፤ ወደ ኋላ የተዘረጋው እጅ ላይ ደረሰ፤ እዚያው ቆየ።

«አቀማመጡ የሱ ነው» አለች። «እንዲህ ሲቀመጥ አባቱ ይቆጣዋል። ቤትህ አይደለም እንዴ፣ ምነው እንደሚሄድ እንግዳ ትቀመጣለህ ይለዋል።» ቆየት ብላ ጀሪካኑን ነካችው። «የወተት ነው የውሃ?»

«የውሃ።»

ይህን ካላት በኋላ ሌላው ተከትሎ ወጣ። ሦስት ቀን ውሃ የሚያመጣልን መኪና አልመጣም አላት። ከምሽጉ በታች ቆላው ውስጥ ኩሬ ነበር፤ ንጋት ላይ አንድ ሰው ወርዶ ይቀዳል፤ ተራ ነበረን። የዚያን ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሊቀሰቅሰኝ ይገባ ነበር፣ አልቀሰቀሰኝም፤ እንደተኛሁ ትቶኝ ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። የነቃሁት በተኩሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተተኮሰው። ይህን ሲናገር ድምፁ ከገበያው ጫጫታ በታች ነበር፤ ፋዱማ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ ነው የሰማችው። ከፊታቸው አንዲት ሴትዮ የቲማቲም ዋጋ ትከራከራለች። አንድ ጋሪ አለፈ። ፋዱማ አላለቀሰችም። ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

«የተኛ ሰው አይቀሰቅስም» አለች። «ከልጅነቱ ነው። ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት አባትህን ቀስቅሰው ስለው እምቢ ይለኛል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ እስኪነቃ ይጠብቃል። ስንት ቀን ሶላት አለፈን። ይሄን አንተ ምን ታውቃለህ። አንተን ሳያውቅህ በፊት ነው እንዲህ የሆነው።»

ኃይለየሱስ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከትቶ ጨመቃቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ንጋት ላይ ያላሰበው ነገር የለም ብሎ ነበር፤ ይህን ግን አላሰበውም።

«ለምን ፊት አልሠራህለትም?» አለችው ፋዱማ።

«ጠፋብኝ» አላት። «ስልኬ እዚያው ቀረ፣ ፎቶ የለኝም። ድምፁን አስታውሳለሁ፣ እጁን አስታውሳለሁ። ፊቱን ሳስብ ጀሪካኑ ነው የሚመጣው።»

ፋዱማ ደብተሩን ዘግታ መለሰችለት። ሥዕሉ በትልቁ ተሠርቶ አዳራሽ ውስጥ እንደተሰቀለ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሰው ክፍት እንደሚሆን፣ ገዢም እንደተገኘለት ሲነግራት አቋረጠችው። «ሰው ያየዋል?»

«ያየዋል።»

«እኔም ሰው ነኝ። ውሰደኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ የቀረውን ወተት ለጎረቤቷ ሰጠች፤ ወደ ቤቷ የሚወስዳት የጀልዴሳው አይሱዙ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደማይነሳ ለኃይለየሱስ ነገረችው። ባጃጅ ኮንትራት መቶ ሃምሳ ብር ጠየቀ፤ ፋዱማ «ለሁለት እግርና ለአንድ አሮጊት?» ብላ ወደ መቶ አወረደችው። መንገዱን ሙሉ ኃይለየሱስ እግሩን ያርገፈግፍ ነበር፤ እሷ አንዴ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፤ እግሩ ቆመ፤ ስታነሳው እንደገና ጀመረ።

አዳራሹ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ የቆየ ሕንፃ ነው። ወደ ሃምሳ ሰው ተቀምጧል፤ ሦስት የጣሪያ ቬንትሌተር ይዞራል፤ አየሩ ግን ከውጭው አይሻልም። ሃኒ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆማ ትናገራለች፤ ስትናገር ታምራለች፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጥሎባታል። ከበሩ አጠገብ ቆመው ሰሟት። ከመቶ ዓመት በፊት ነው አለች፣ ፈረንሳይ ውስጥ። ሐኪም ለመሆን ይማር የነበረ አንድ ወጣት በአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሯቸው የተናወጠ ወታደሮች የሚታከሙበት ሆስፒታል ተመደበ። ወታደሮቹ የሚያዩትን ሕልም፣ የሚቀባጥሩትን ነገር ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር፤ ይጽፈውም ነበር። ከሚያውቀው ግጥም ሁሉ የነሱ ንግግር በለጠበት። ጦርነቱ ሲያልቅ እሱና ጓደኞቹ ተሰብስበው፣ ያን ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ያስጨረሰው አስተዋይ ነኝ የሚለው አእምሮ ከሆነ እኛ ሕልምን እንጠይቃለን አሉ። ሠዓሊዎች ተከተሏቸው። ወረቀት አጣጥፈው እየተቀባበሉ፣ አንዱ ራስ አንዱ ሆድ አንዱ እግር፣ የሌላውን ሳያዩ ይሥሉ ነበር። ነገሩ ባሕር ተሻገረ፤ ሜክሲኮ ደረሰ፣ ካይሮ ደረሰ፣ እኛም ጋ መጣ፤ ዛሬ የሳሙና ማስታወቂያ ውስጥ እንኳ አለ፣ ስሙን ሳታውቁት ታዩታላችሁ። ሰው ሳቀ። ሃኒ የምትወደው እዚህ ቦታ ላይ የሚመጣውን ሳቅ ነበር።

ከፊት መደዳ ከተቀመጡት አንዱ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የነዚያ ወታደሮች ስማቸው ማን ነበር?»

«የወታደሮቹ?» አለች ሃኒ። «የሠዓሊዎቹን ስም ማለትዎ ነው?»

«የለም፣ የሠዓሊዎቹንማ ጽፈሽዋል። ሕልሙን ያዩት።»

ሃኒ «እሱን አላውቅም፤ የተመዘገበም አይመስለኝም» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ግማሹን እንዳለች ወንድሟን በሩ ላይ አየችው። ብብቱ ሥር ያለውን ደብተርም አየች። ከጎኑ ያለችውን ሴት ግን አላወቀቻትም።

ፋዱማ ሰው ተቀምጦ እንደሆነ፣ ንግግር ላይ እንደሆኑ አልገዳትም። በመደዳዎቹ መሀል ሰንጥቃ ወደ ግድግዳው ሄደች። ሥዕሉ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ሰውየው በቁመቷ ልክ ነው። ፊት ለፊቱ ቆመች። ሂሻም ጨዋ ሰው ነው፤ ብድግ ብሎ አጠገቧ ሄዶ በሱማሌኛ ሰላምታ ሰጣትና ይህ የከተማችን የውሃ ጥማት ነው፣ ስሙም ታች ተጽፏል፣ «ጥማት» ይባላል እያለ አስረዳት።

«ስም አለው» አለች ፋዱማ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ይሁን ወይ ድምፅዋ እንዲያ ሆኖ አይታወቅም። «ጉሌድ ነው። የኔ ልጅ ነው።»

ሂሻም ሃኒን አየ፤ ሃኒ ወረቀቷን አየች። ንግግሯን ልትቀጥል «እንግዲህ ሥዕል…» ብላ ጀመረች፤ «ሥዕል ለሚያየው ሰው…» አለችና እሱንም ተወችው። ኃይለየሱስ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ምን እንድትል እንደሚፈልግ ራሱም አያውቅም ነበር፤ ብትዋሽ ዞሮ እንደሚወጣና እዚያ ቤት እንደማይመለስ ብቻ ያውቃል።

«ሕልሙ የኔ አይደለም» አለች ሃኒ። «የወንድሜ ነው። ሁሉም የሱ ናቸው። እኔ ቀባኋቸው እንጂ አላየኋቸውም። ሳልጠይቀው ነው የወሰድኩት።» ከዚያ መብራቱን አብሩልኝ አለች፣ መብራቱ በርቶ እያለ።

ሰው በአንድ ጊዜ አልወጣም። አንዳንዱ ሥዕሎቹን እንደ አዲስ ዞሮ አያቸው፤ አንዳንዱ በእጅ ማራገቢያው አፉን ሸፍኖ አወራ። ሂሻም ኃይለየሱስ ጋ መጥቶ «እና ከማን ነው የምገዛው?» አለው፤ ሊያቀለው ፈልጎ ነው እንጂ ለቀልድ አልነበረም። ኃይለየሱስ አይሸጥም አለው። ሂሻም አንገቱን ነቀነቀ፤ «ምግብ ቤት አይሆንማ» አለ ለራሱ፣ ሄደ።

ሃኒ ወንድሟን ያገኘችው ከሕንፃው ጎን፣ ውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ነው። ነጭ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ በላብ ተለጥፏል። «አሥራ ሁለት ዓመት ስለ ሕልም አስተማርኩ» አለች። «ለኔ አንድም አልመጣልኝም። ተኝቼ የማየው ቾክ ሲያልቅብኝ ነው። አንተ ደግሞ ያን ሁሉ በሬ ሥር ታስቀምጥልኛለህ።»

«ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። ከጠየቅኩህ ግን ያንተ ይሆናል።»

ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ግማሽ መንገድ ደርሳ ተወችው። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እሱም አልጠበቀም። እቤት ሲገቡ እናታቸው ፊት ሦስቱም ስለ ሌላ ነገር እንደሚያወሩ፣ ምናልባት ስለ ሽሮው ጨው፣ ሁለቱም ያውቁታል።

ፋዱማ ወጥታ ፀሐዩ ላይ ቆማ ነበር። ሃኒ ቀረብ ብላ፣ ከፈለግሽ ፊቱን ልሥልልሽ እችላለሁ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ እኔ እሥላለሁ አለቻት። ፋዱማ ከእግር እስከ ራስዋ አየቻት፤ በቁጣ አልነበረም። «እኔ ፊቱ አልጠፋብኝም» አለች። «የጠፋበት ይሄ ነው።» ከዚያ ወደ ኃይለየሱስ ዞረች። «አፍንጫው የኔ ነው፣ እየኝ። ዓይኑም የኔ ነው። ግንባሩና አፉ ግን የአባቱ ነው፤ ቁርጥ አባቱን ነው። አባቱ ጀልዴሳ ነው። እሱን ስታይ ታገኘዋለህ።»

«ዛሬ?»

«አይሱዙው ዛሬ ነው የሚሄደው።»

ደብተሩን ለሃኒ ሰጣት፤ ለእናታችን ጀልዴሳ ሄዷል በያት አላት። ሃኒ ደብተሩን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱ ዳር ቀረች።

አይሱዙው ሰዓቱን ሳያዛንፍ ተነሣ። ከኋላ ባዶ የወተት ጀሪካኖች፣ ሁለት ኩንታል ስኳር፣ የዘይት ካርቶንና ዘጠኝ ሴቶች ነበሩበት፤ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ሴቶቹ በሱማሌኛ ፋዱማን ጠየቋት፤ አጭር መልስ ሰጠቻቸው፤ አንዷ ቦታ ለቀቀችለት፤ ሌላዋ ከፌስታሏ ሙዝ አውጥታ ሰጠችው። ከተማው አለቀ፤ አስፋልቱም አለቀ። ንፋሱ አቧራና ሙቀት ይዞ ይመጣል። ኃይለየሱስ አባትየውን ምን እንደሚላቸው በልቡ ይደረድር ጀመር። ለፋዱማ እንደነገራት ጆሯቸው ሥር ተጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይሰማ ሊነግራቸው ነበር ያሰበው።

ፋዱማ ሐሳቡን ያየችው ይመስል ክንዱን ነካችው። «አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «አባቱ ጆሮው አይሰማም። ቀስ ብለህ ብትነግረው ምን አለ፣ ምን አለ እያለ ሰው ይጠይቃል። ጮክ ብለህ ነው የምትነግረው።»

«ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።»

«ይስማ» አለች። «ሰፈሩም ሁለት ዓመት ጠብቋል።»

መኪናው አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወርዶ እያጓራ ወጣ። ኃይለየሱስ ስኳሩን ተደግፎ ቀና አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። «ተረኛው እኔ ነበርኩ» አለ።

ፋዱማ ራሷን ነቀነቀች። «አይሰማም» አለችው። «ድምፅህን ጨምር።»